አያ ሙሄ ኦሃዮ ሲገባ

ልጅ ሳለሁ ኦሃዮ የሚባለው አገር ወሎ ውስጥ፣ ከደሴ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለ ይመስለኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ አይደለም፤ የጋሼ ይመር ነው። ጋሼ ይመር ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ የኛ ሰው በሚበዛበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ ከእናቴ የባልትና ሱቅ ጀርባ ያለውን የመኪና ማቆሚያ ይጠብቁ ነበር። ስለ አሜሪካ የሚያወሩትን ሁሉ በወሎ ሰው፣ በወሎ በቅሎና በወሎ ለዛ እያዋዙ ስለነበር የሚያወሩት፣ እኔ ስለ ኦሃዮ የማውቀው ሰዎቹ ጨዋታ አዋቂ፣ ወንዙ ሰፊ፣ መሬቱም ማለቂያ የሌለው መሆኑን ብቻ ነበር።

ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ሱቋን እስክትዘጋና አባቴ በታክሲው መጥቶ ኢንግልዉድ ወዳለው ቤታችን እስኪወስደን ድረስ የምቆየው እዚያው መኪና ማቆሚያው ውስጥ ነበር። ጓደኛዬ ሊድያም አብራኝ ትቆያለች፤ እናቷ እትዬ ብርቄ ከኛ ሱቅ ቀጥሎ ያለው ምግብ ቤት ባለቤት ናቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የምግብ ቤቱ ወጥ ቤት ለሸክላ ጥብሱ የሚሆነውን ከሰል በጓሮ በር አውጥቶ ያቀጣጥል ነበር። ጋሼ ይመርም የጠባቂ ቤታቸውን ትንሽ መብራት አብርተው፣ ሦስት የፕላስቲክ ወንበሮች አውጥተው ከሰሉ አጠገብ ይደረድራሉ። ጭሱ ወደኛ ሲዞር ወንበራችንን እየጎተትን እንሸሻለን፣ ተመልሶ ሲዞር ደግሞ እንመለሳለን፤ ያኔ የሰማኋቸው ተረቶች ሁሉ ዛሬም ሳስታውሳቸው ትንሽ ትንሽ ከሰል ከሰል ይሸቱኛል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔና ሊድያ ጋሼ ይመርን «አንተ» ነበር የምንላቸው። የፌርፋክስ ልጅ አንቱታ አያውቅም፤ እናቴ በሰማች ቁጥር ክንዴን ትቆነጥጠኝ ነበር፣ እሳቸው ደግሞ «ተያት፣ አንተ ሲሉኝ ወጣት የሆንኩ ይመስለኛል» ይሉ ነበር። አሁን በጽሑፍ አንቱ ስላቸው ያኔ የቀረባቸውን መክፈሌ ይሁንልኝ።

በዚያን ጊዜ ጋሼ ይመር ለዜግነት ፈተና ይዘጋጁ ስለነበር ሥዕል የበዛበት አንድ ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ተውሰው ነበር። አንድ አመሻሽ ላይ ገጽ ሲገልጡ ሁለት ሰዎች ጫካ ውስጥ ረጅም የብረት ሰንሰለት ወጥረው ሲጎትቱ የሚያሳይ ሥዕል አገኙ። ወንበራቸውን ወደ መብራቱ አስጠግተው ብዙ ጊዜ አዩት።

«እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ» አሉ።

እኔና ሊድያ ሳቅን፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። በወጣትነታቸው ወሎ ውስጥ ቀላድ ጣይ ነበሩ። ቀላድ መሬት የሚለካበት ረጅም ገመድ ነው። አንዱ ሰው ጫፉን ይዞ ይቆማል፣ ሌላው ወጥሮ ወደፊት ይሄዳል፣ ጸሐፊው ይመዘግባል። በሥዕሉ ያሉት ሰዎች ደግሞ ኦሃዮን ሲለኩ ነበር። ጋሼ ይመር ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈተናውን ጥያቄዎች ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው፣ መዝገበ ቃላት ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ኦሃዮን ብቻ ያጠኑ ጀመር። ቀን ያነበቡትን ማታ ማታ በከሰሉ ዳር ለኛ ይተርቱልናል።

«ንጉሥ የሌለው አንድ መንግሥት ነበር» ብለው ይጀምራሉ። «ጦርነቱን አሸንፏል፤ ኪሱ ግን ባዶ ነው። ወታደሩ ደሞዜ ይላል፣ አበዳሪው ገንዘቤ ይላል። መንግሥት ሆዬ ግራ ቀኙን ቢያይ ከመሬት በቀር ምንም የለውም። ታዲያ ምን አለ? መሬቱን እንደ ዳማ ገበታ በአራት ማዕዘን ቁረጡልኝና እሸጠዋለሁ አለ!»

ከዚያ የዳማውን ገበታ በጠመኔ አስፋልቱ ላይ ይስሉልናል። አንዱ ትልቅ ማዕዘን ሠላሳ ስድስት ትናንሽ ማዕዘኖች አሉት፤ ከነዚያ ውስጥ አስራ ስድስተኛዋ አትሸጥም፣ ለልጆች ትምህርት ቤት የተተወች ናት። እኔና ሊድያ አስራ ስድስተኛዋ ላይ ለመቆም እንጋፋ ነበር። ሰንሰለት ጎታቾቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በሐቅ ሊለኩ ይምላሉ ብለውም ነግረውናል፤ እዚያ ላይ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ዝቅ ይልና ቶሎ ያልፉታል። እኔ ያኔ ልብ አላልኩትም።

የተረቱ ጀግና አያ ሙሄ የሚባል፣ ጋሼ ይመር ከራሳቸው የፈጠሩት ድሃ ገበሬ ነበር። መጀመሪያ የወጣው ሕግ አንዱን ማዕዘን ሙሉውን ግዛ፣ አለዚያ ተው የሚል ስለነበር አያ ሙሄ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። ኋላ ሕጉ ተሻሽሎ ማዕዘኑ በትንሽ በትንሹ ሲቆረስና ክፍያውም ቀስ እየተባለ ይሁን ሲባል፣ አያ ሙሄ ብድግ አለና አይቶት የማያውቀውን መሬት ወረቀት ገዝቶ ለሚስቱ ለከድጃ አመጣላት። ከድጃ ወረቀቱን ገልብጣ አየችና «ላም አለኝ በሰማይ!» አለችው። ይህችን ሲሉ ጋሼ ይመር ድምፃቸውን አቅጥነው፣ ሻሽ ያሰሩ መስለው እጃቸውን ወገባቸው ላይ ስለሚያደርጉ፣ ወጥ ቤቱ ሳይቀር ማራገቢያውን ጥሎ ይስቅ ነበር።

አያ ሙሄ ወደ ምዕራብ ሲሄድ እኛም አብረን ሄድን። «የኛ ማረሻ መሬቱን ይጭረዋል፣ የነሱ የብረት ማረሻ ግን እንደ ብርድ ልብስ ይገለብጠዋል» ይሉናል። የእንፋሎት ጀልባውን ሊያስረዱን የተቀጣጠለውን ከሰል እያሳዩ «ይህን የመሰለ እሳት ሆዱ ውስጥ ይዞ ወንዙን ሽቅብ ይወጣል!» ይላሉ። ሰዎች የቆፈሩትን የውሃ መንገድ ለማሳየት ደግሞ የእትዬ ብርቄን የመወልወያ ባልዲ ወስደው የወረቀት ጀልባ አስቀመጡበትና ውሃ ጨመሩበት፤ ጀልባዋ ከታች ተነስታ እስከ ባልዲው አፍ ወጣች። «አያችሁ? በር እየዘጉ፣ ውሃ እየሞሉ፣ ጀልባን እንደ ሰው ደረጃ ያስወጧታል።» እትዬ ብርቄ ባልዲያቸውን ሲፈልጉ እኛ ኦሃዮ ደርሰን ነበር።

አንድ ቀን ብቻ ሊድያ ጥያቄ ጠየቀች። «ጋሼ፣ ሶ አያ ሙሄ ከመምጣቱ በፊት መሬቱ የማን ነበር?»

ጋሼ ይመር ከሰሉን በእንጨት ቆሰቆሱት። «መሬቱ? እሱማ... በሉ በሉ፣ ጀልባው እንዳያመልጠን» አሉና ተረቱን ቀጠሉ።

አምስተኛ ክፍል ስንገባ አስተማሪያችን ሰዎች ለምን ወደ ምዕራብ እንደሄዱ ጽፋችሁ አምጡ አለችን። የጻፍኩት አራት ገጽ ሞላ። ሕጉን፣ ሰንሰለቱን፣ ማረሻውንና ጀልባውን አልረሳሁም፤ ከድጃ ምን እንዳለችም ጨምሬያለሁ። አስተማሪዋ ከላይ «በጣም ጥሩ» ብላ ከታች በቀይ «ሙሄ ማነው?» ስትል ጻፈችበት። ስለ ጋሼ ይመር ነገርኳት። እሷም ሥራውን በእጃቸው የሠሩ ሰው ከሆኑ ክፍላችን መጥተው እንዴት እንደሚለካ ያሳዩን፣ አንቺ ታስተረጉሚላቸዋለሽ አለችኝ።

ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ! የሌሎቹ ልጆች አባቶችና አያቶች ክፍል መጥተው ያውቃሉ፤ አንዱ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው፣ አንዷ የጥርስ ሐኪም ናት። የኔ ቤተሰብ ግን ሁሌ ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ጋሼ ይመር የኔ ሰው ሆነው ሊመጡ ነው፤ ክፍሉ በሙሉ ደግሞ አፉን ከፍቶ ሊያያቸው ነው። ያን ያህል የተመኘሁት ነገር እስከዚያ ቀን ድረስ አልነበረም።

እሳቸው ከኔ ብሰው ነበር። የቃጫ ገመድ ገዝተው ልክ በዚያ በአሜሪካው ሰንሰለት ቁመት ቆረጡት። እናቴ «ጋሼ፣ ናይለን አይሻልም? ቀላል ነው» ስትላቸው «ናይለን መሬት አያውቅም» አሏት። በቀጠሮው ቀን መኪና ማቆሚያውን ለወጥ ቤቱ አደራ ብለው፣ ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ ባርኔጣ ደፍተው፣ ገመዱን እንደ ሜዳይ ትከሻቸው ላይ አጋድመው ትምህርት ቤታችን በር ላይ ቆሙ።

ሜዳው ላይ ወጣን። ጋሼ ይመር የመጀመሪያውን ካስማ ተከሉና የገመዱን ጫፍ ለአንድ ልጅ ሰጡት። በአማርኛ ሲያዙ እኔ እተረጉማለሁ፤ ልጆቹም እየተጋፉ ገመዱን ይይዛሉ። የማዕዘኑን አንድ ጎን ለካን፣ ሁለተኛውን ለካን፣ ሁሉም ነገር ያማረ ነበር። ሦስተኛውን ልንጀምር ስንል ግን የሣር ማጠጫው በድንገት ከመሬት ብቅ ብሎ ይረጨን ጀመር። ሠላሳ ልጅ እየጮኸ ተበተነ፤ ግማሹ ሸሸ፣ ግማሹ ሆን ብሎ ውሃው ውስጥ ገባ። ጋሼ ይመርም ባርኔጣቸውን ይዘው ሲሮጡ ሳያቸው በሳቅ ሞትኩ። አስተማሪዋ የሚያጠፋላት ሰው ፈልጋ እስክታመጣ ድረስ ገመዱ ሣሩ ላይ እንደተዘረጋ ውሃ ሲጠጣ ቆየ።

ተመልሰን ሦስተኛውንና አራተኛውን ጎን ለካን። የመጨረሻው ካስማ ከመጀመሪያው ጋር መግጠም ነበረበት፤ አልገጠመም። በመካከላቸው አንድ ልጅ የሚጋደምበት ያህል ቦታ ቀረ።

«ሰውዬ፣ መሬትህ ጠፋ!» አለ አንዱ ልጅ፤ ሁሉም ሳቁ። ያ ሁሉ የተመኘሁት ነገር ዓይኔ እያየ ፈረሰ።

ጋሼ ይመር ግን ቁጢጥ ብለው ገመዱን አነሱና በእጃቸው ጨመቁት። ውሃ ጠብ ጠብ አለ። ቀና ብለው አዩኝ። «ሰሚራዬ፣ ንገሪልኝ» አሉ። ያ የተረት ድምፃቸው አልነበረም።

«የቃጫ ገመድ ሲረጥብ እንደሚያጥር አውቃለሁ። ሃያ ዓመቴ ሳለ አውቀው ነበር። አለቃዬ የድሃ መሬት ልንለካ ስንል ‹ይመር፣ ገመዱን ወንዝ ንከረው› ይለኝ ነበር፣ እኔም እነክረዋለሁ። ገመዱ ሲያጥር መሬቱ የበዛ ይመስላል። እመት ዘሃራ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። መሬቴ አርባ ገመድ ነው አለች፤ እውነቷን ነበር። እኛ በረጠበው ገመድ ለክተን አርባ ሁለት አወጣን። ሁለቱ ትርፍ ነው ተባለና ተወሰደባት፤ ለአለቃው ዘመድ ተሰጠ። የማሽላዋ ማሳ ነበር። ጠዋት እቤቷ ቁርስ አብልታን ነበር። ገመዱን የነከርኩት እኔ ነኝ።»

ክፍሉ በሙሉ አፌን ያያል። ጋሼ ይመር የኔ ሰው ናቸው፤ በኔ አፍ ሌባ ሊባሉ ነው። እዚህ አሜሪካኖች ፊት፣ ሱፋቸው ርሶ፣ አሁን በሳቁባቸው ልጆች ፊት። እንዴት አድርጌ?

«ገመዱ አሮጌ ነው፣ ይቅርታ ይላሉ» አልኩ በእንግሊዝኛ።

አስተማሪዋ ግራ ገባት፤ ያን ያህል የተናገሩት ሁሉ ይህ ብቻ ሊሆን አይችልም። ሊድያ አጠገቤ ቆማ ነበር። ከእሷ በቀር እዚያ አማርኛ የሚያውቅ ሰው የለም። «እንደሱ አላሉም» አለችኝ በጆሮዬ። ጋሼ ይመርን አየኋቸው። ገመዱን እንደያዙ እየጠበቁኝ ነበር፤ አልተቆጡም፣ አላፈሩም፣ ይጠብቃሉ ብቻ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ግን ያን ቀን የወጣውን መልሼ ልይዘው ቆረጥኩ። «ተሳስቻለሁ» አልኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ወንዙን፣ አለቃውን፣ እመት ዘሃራን፣ ቁርሱን ሳይቀር ተናገርኩ። «ገመዱን የነከርኩት እኔ ነኝ» የሚለውንም አልዘለልኩትም።

ከፊት የቆመች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «መሬቷን መለሱላት?» አለች። ልተረጉምላቸው ስዞር ጋሼ ይመር ቀደሙኝ።

«ኖ» አሉ በራሳቸው አፍ።

ከዚያ ያ «መሬትህ ጠፋ» ያለው ልጅ ወደ አስተማሪዋ ዞሮ የኦሃዮዎቹ ሰዎችስ፣ እነሱ ሲለኩ እዚያ የሚኖር ሰው አልነበረም ወይ አላት። አስተማሪዋ ነበር አለች። ክፍል ስንመለስ ካርታ ዘርግታ ሾኒ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች መንደሮች የት የት እንደነበሩ አሳየችን፤ የበቆሎ ማሳም እንደነበራቸው፣ በጦርነትና በውል እየተገፉ እንደወጡ ነገረችን። ጋሼ ይመር በልጆች ወንበር ላይ ጉልበታቸው ሆዳቸው ደርሶ ተቀምጠው፣ ከሁላችንም ይበልጥ አፋቸውን ከፍተው ይሰሙ ነበር። ሊወጡ ሲሉ ልጆቹ ገመዱን እንደገና እንያዝ ብለው ከበቧቸው፤ አጥሩ ላይ ፀሐይ ሲመታው ቆይቶ የደረቀውን ገመድ አውርደው ሜዳውን ዞረን ለካን። ያ ተሳዳቢው ልጅ የፊቱን ጫፍ ይዞ ከማንም በላይ እየጮኸ ነበር የሚቆጥረው። ትንሽ ተዛነፈ እንጂ ገጠመልን፤ ጭብጨባው የእግር ኳስ ጎል የገባ ያስመስል ነበር።

ወደ ፌርፋክስ የተመለስነው በአውቶቡስ ነው። ሊድያ ከፊታችን መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። ጋሼ ይመር እርጥብ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በጣም ደስ ብሏቸው ነበር፤ እኔን ግን ያ የመጀመሪያው ውሸቴ አልለቀቀኝም።

«ጋሼ፣ እኔ መጀመሪያ...»

«ሰምቼዋለሁ» አሉኝ።

«እንግሊዝኛ አታውቅም ብዬ ነው እኮ!»

«ከመዝገበ ቃላት ጋር እያመሸሁ አሮጌ ገመድ የሚለውን አጣዋለሁ?» ሳቁ። ቀጥለው መስኮቱን እያዩ «አልተቆጣሁሽም» አሉ። «አርባ ዓመት ሙሉ ለሰው አልነገርኩትም። ለናትሽ አልነግራት፣ ለብርቄ አልነግራት፤ ታውቂዋለሽ፣ የኛ ሰው ወሬ ፈጣን ነው። ለማያውቁኝ ሕፃናት መናገር ቀለለኝ። ግን አሮጌ ገመድ ብለሽ ብትተዪው ኖሮ፣ ልጄ፣ ሁለተኛ የምናገርበት ልብ አልነበረኝም።»

ክንዳቸውን ያዝኩ። እስከምንወርድበት ፌርማታ ድረስ ሱፋቸው ገና እርጥብ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ተረቱ ቀጠለ፤ ግን አያ ሙሄ ኦሃዮ ሲደርስ ሰው ማግኘት ጀመረ። ከወንዙ ማዶ ማሳዋን የምትኮተኩት አንዲት አሮጊት ነበረች፤ ወረቀቱን ሲያሳያት «ይህ የኔን ማሳ የሚያውቀው ከየት ነው?» ብላ ታፋጥጠው ነበር። ከድጃም ከባሏ ይልቅ ከአሮጊቷ ጋር ትወግን ነበር። ጋሼ ይመር የሁለቱንም ሴቶች ድምፅ እያቀያየሩ ሲጫወቱት ከድሮው የበለጠ ያስቀን ነበር፤ አያ ሙሄ ግን ያን ማዕዘን ወሰደ ወይስ አልወሰደም የሚለውን፣ በየጊዜው ብንጠይቃቸውም፣ አንድ ቀን እንኳ አልነገሩንም። «እናንተ ምን ትሉታላችሁ?» ይሉና ከሰሉን ይቆሰቁሳሉ። እኔና ሊድያ ስንከራከር የአባቴ ታክሲ ጡሩምባውን ይነፋል።

ዛሬ እዚሁ ሎስ አንጀለስ አስተርጓሚ ነኝ። ሆስፒታል እሄዳለሁ፣ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ። አብዛኛው ሥራዬ ቀላል ነው፤ የደም ግፊት፣ የቀጠሮ ለውጥ፣ የመንጃ ፈቃድ ጣጣ። አንዳንዴ ግን አንድ እናት ወይም አንድ አባት ያፈሩበትን ነገር አንገታቸውን ደፍተው ሲናገሩ ለስለስ አድርጌ ላሳልፍላቸው ምላሴ ይዳዳዋል፤ እወዳቸዋለሁና፣ የኔ ሰዎች ናቸውና። ያኔ ትንፋሼን ሰብሰብ አደርግና እንዳሉት፣ አንድም ሳልቀንስ እናገርላቸዋለሁ። ያን ቃል እዚህ ለማድረስ ስንት ዓመት እንደፈጀባቸው አላውቅም።